ሦስት ጣት ጨው፣ አንድ ጭብጥ ስኳር፦ የባንግላዲሽ እናቶች ተቅማጥን በቤታቸው ማከም የተማሩበት መንገድ (የጉዳይ ጥናት)

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከ1980 እስከ 1990 በባንግላዲሽ ገጠር ቤት ለቤት የተካሄደውን የተቅማጥ ሕክምና ትምህርት ነው (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥራውን ያካሄደው ብራክ የተባለው የአገሩ የልማት ድርጅት ሲሆን፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤቶችን አዳርሶ፣ በየቤቱ ያለችው እናት ልጇ ሲያስቀምጠው የሚጠጣውን ሕይወት አድን ፈሳሽ በገዛ እጇ መበጥበጥ እንድትችል አስተምሯል። ጉዳዩን የመረጥሁት በቁጥሩ ብዛት አይደለም። ለእናቶችና ለቤተሰብ የሚሰጠው የጤና ምክር ብዙ ነው፤ ምክሩ ከተነገረ በኋላ በቤት ውስጥ ምን እንደ ደረሰበት ተከትሎ የመረመረና፣ ምክሩ ሳይሠራበት ሲቀር ጥፋቱን ከእናቲቱ ዘንድ ሳይሆን በመጀመሪያ ከመካሪው ዘንድ የፈለገ ሥራ ግን ብዙም አይገኝም። ይህ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው።

በሽታው እና መድኃኒቱ

ተቅማጥ ሕፃንን የሚገድለው በአብዛኛው ከሰውነቱ በሚያስወጣው ውሃና ጨው ነው። የሕፃን ሰውነት ትንሽ በመሆኑ፣ ለአዋቂ ሰው ድካም ብቻ የሚሆነው የፈሳሽ መጠን ሕፃኑን በአንድ ቀን፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ለሞት ያደርሰዋል። አፉ ይደርቃል፣ ሲያለቅስ እንባ አይወጣውም፣ ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ እርግብግቢቱ ይጎደጉዳል፣ ሽንቱ ይቀንሳል፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ ወደ ቦታው አይመለስም፤ በመጨረሻም ይዝላል፣ ጡት መሳብ ያቅተዋል። ይህን የሚያየው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚያስበው ሆዱ እስኪያርፍ ድረስ የሚጠጣውንና የሚበላውን መቀነስ ነው። አሳቡ ሞኝነት አይደለም፤ በላይ የገባው ሁሉ በታች ሲወጣ ለሚያይ ሰው፣ ተቅማጥን በመጠጥ ማከም የተገላቢጦሽ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሕፃኑን ለከፋ አደጋ የሚያጋልጠው ይኸው ነው።

ከ1960ዎቹ በፊት ክፉኛ ለደረቀ ሰው የሚሰጠው ሕክምና በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ነበር። ይህ ደግሞ መርፌ፣ ንጹሕ ጠርሙስና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል። ለውጡ የመጣው ስለ አንጀት አሠራር ከተደረሰበት አንድ ግኝት ነው። አንጀት በበሽታው ተጎድቶ ውሃ በሚያፈስበት ጊዜ እንኳ፣ ግሉኮስ የተባለውን ስኳርና በጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም አጣምሮ ወደ ሰውነት የሚያስገባው በር አይዘጋም። ስኳርና ጨው በተመጠነ ልክ አብረው ሲገቡ ውሃውም ተከትሏቸው ይገባል። ጨው ለብቻው ወይም ስኳር ለብቻው ይህን አይሠራም፤ ስኳሩ ከልክ ሲያልፍ እንዲያውም ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያባብሰዋል፤ ጨው ሲበዛ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው የሶዲየም መጠን ከፍ ብሎ የሕፃኑን አንጎል እስከ መጉዳት ይደርሳል። የመጠኑ ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የዚህ ታሪክ ጭንቀት ሆኖ የሚዘልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1968 ዴቪድ ናሊን እና ሪቻርድ ካሽ የተባሉ ወጣት ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር በዳካ ባደረጉት ጥናት፣ የኮሌራ ሕመምተኞች በአፋቸው በሚጠጡት የግሉኮስና የጨው ውህድ ብቻ የጠፋባቸውን ፈሳሽ በአብዛኛው መተካት እንደሚችሉ፣ በደም ሥር የሚሰጠውም ፈሳሽ በዚያው ልክ እንደሚቀንስ አሳዩ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1971 የባንግላዲሽ የነጻነት ጦርነት ሲነሳ፣ ሚሊዮኖች ወደ ሕንድ ተሰደዱ፤ በቦንጋዎን የስደተኞች መጠለያም ኮሌራ ገባ። በዚያ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ እያለቀባቸው ስለ ሄደ፣ ግሉኮስ፣ የገበታ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ በውሃ አስበጥብጠው፣ ቧንቧ በተገጠመላቸው በርሜሎች አስሞልተው፣ የሕመምተኞቹ ዘመዶች ራሳቸው እየቀዱ እንዲያጠጡ አደረጉ። 30 በመቶ ገደማ ደርሶ የነበረው የሞት መጠን በእርሳቸው ሕክምና ሥር በነበሩት ሰዎች መካከል ወደ 3.6 በመቶ ወረደ።

ከቦንጋዎን የምወስደው ከቁጥሩ ይልቅ ሌላ ነገር ነው። በዚያ መጠለያ ፈሳሹን ያጠጡት እናቶች፣ እህቶችና አክስቶች ነበሩ። ሕክምናው ከባለሙያ እጅ ወደ ቤተሰብ እጅ የተሻገረው በችግር ጊዜ፣ ሌላ አማራጭ በጠፋበት ሰዓት ነው፤ ከተሻገረም በኋላ በቤተሰብ እጅ መሥራቱ በግልጽ ታየ። የብራክ ሥራ ይህንኑ በሰላም ጊዜ፣ ሐኪም አጠገቡ በሌለበት ቤት ማድረግ ይቻል እንደሆነ የፈተነ ነው።

ውህዱ በእናት እጅ ልክ

ብራክን በ1972 ያቋቋሙት ፋዝሌ ሃሳን አቤድ በሙያቸው የሒሳብ አያያዝ ባለሙያ ነበሩ። ድርጅቱ ሥራ የጀመረው በሰሜን ምሥራቅ ባንግላዲሽ በምትገኘው ሱላ ውስጥ፣ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቀያቸው የተመለሱ ስደተኞችን በማቋቋም ነው። በ1980 ገደማ በአገሪቱ ከሚወለዱ አምስት ሕፃናት አንዱ ገደማ አምስተኛ ዓመቱን ሳይደፍን ይሞት ነበር፤ ተቅማጥም ከዋነኞቹ ገዳዮች አንዱ ነበር። በፓኬት የታሸገው፣ በውሃ የሚበጠበጠው የስኳርና የጨው ዱቄት (ኦአርኤስ) በዚያን ጊዜ ቢኖርም፣ ለእያንዳንዱ ቤት፣ ለእያንዳንዱ ሕመም የሚበቃ ፓኬት ማምረትም ሆነ እስከ ገጠር መንደር ማድረስ የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ የተመረጠው መንገድ፣ በየቤቱ ያለውን ነገር መጠቀም ሆነ፤ በአገሩ ቋንቋ ሎቦን የሚባለው ጨው፣ ጉር የሚባለው ያልተጣራ ስኳር፣ እና ውሃ።

እዚህ ላይ ሳይንቲስቶቹን ያሳሰባቸው ጥያቄ ተነሳ። ማንበብ የማትችል፣ ሚዛንም የሻይ ማንኪያም ቤቷ የሌለ እናት፣ ሲበዛ የሚጎዳ ሲያንስ የማይጠቅም ውህድ እንዴት አድርጋ ትመጥነዋለች? መልሱ የተገኘው ከእናቲቱ እጅ ነው። በሦስት ጣት እስከ መጀመሪያው የጣት አንጓ የተቆነጠረ ጨው፣ አንድ ጭብጥ ጉር፣ ግማሽ ሴር ውሃ። ሴር በዚያን ጊዜ በአገሩ ይሠራበት የነበረ መለኪያ ሲሆን፣ ግማሹ ከግማሽ ሊትር ትንሽ ያንሳል። ሰው ሁሉ ጣቱን ይዞ ስለሚዞር ቁንጥሩ አይጠፋበትም፤ ውሃው ግን በየቤቱ ዕቃ የተለያየ ስለሆነ፣ አስተማሪዋ ራሷ ለክታ በዚያው ቤት ዕቃ ላይ የግማሽ ሴሩን ልክ ምልክት ታደርግበታለች። ጉር የተመረጠው በየቤቱ ስለሚገኝ ነው፤ ከነጭ ስኳር ይልቅ ፖታሲየም ያለው መሆኑም ጥቅም ነበረው፣ በተቅማጥ ከሚጠፉት ማዕድናት አንዱ እርሱ ነውና።

አስተማሪዎቹ ከገጠር የተመለመሉ ሴቶች ነበሩ። ሴት ብቻዋን ከመንደር መንደር ስትዞር መታየት ባልተለመደበት አካባቢ፣ በቡድን ሆነው እየተጓዙ፣ በጊዜያዊ ማረፊያ አብረው እያደሩ፣ በቀን አሥር ያህል ቤቶችን ያዳርሱ ነበር። ትምህርቱ በስብሰባ ሳይሆን በየቤቱ፣ ከእናቲቱ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚሰጥ ነበር። አሥር ነጥቦች ነበሩት፤ ተቅማጥ ምን እንደሆነ፣ የሰውነት መድረቅ ምልክቶቹ፣ አበጣበጡ፣ አሰጣጡ፣ ጡትና ምግብ እንዳይቋረጥ፣ እና የመሳሰሉት። ኋላም ነጥቦቹ ወደ ሰባት ዝቅ ተደረጉ። በእኔ እምነት የትምህርቱ ልብ ከነጥቦቹ ይልቅ አንድ አሠራር ነው፤ አስተማሪዋ አበጣበጡን አሳይታ አትሄድም፣ እናቲቱ ራሷ ቆንጥራ፣ ራሷ ጨብጣ፣ ራሷ በጥብጣ እስክታሳይ ድረስ ትቆያለች። ዓይን ያየውን እጅ ካልደገመው፣ ሌሊት ልጅ ሲታመም እጅ ይጠፋበታል። ብዙ የጤና ትምህርት የሚሰናከለው ይህችን የመጨረሻ እርምጃ ጊዜ የለም ብሎ በመዝለሉ ነው።

ለአስተማሪዎቹ የተዘረጋው የክፍያ ሥርዓት በዚያን ጊዜ የተለመደ አልነበረም። ትምህርቱ ከተሰጠ ሳምንታት በኋላ ሌላ ቡድን በዕጣ ወደ ተመረጡ ቤቶች ይሄዳል፤ እናቲቱን የምታስታውሳቸውን ነጥቦች ይጠይቃታል፣ ፈሳሹንም እንድትበጠብጥ አድርጎ ናሙናውን ለምርመራ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። እናቲቱ በመልሷና በፈሳሿ ጥራት ደረጃ ይሰጣታል፤ የአስተማሪዋም ክፍያ በዚያ ደረጃ ልክ ይሆናል። እናቲቱ ካላስታወሰች ወይም ፈሳሹ አደገኛ ከሆነ፣ አስተማሪዋ ለዚያ ቤት ምንም አታገኝም። ይህ ጠንካራ ነው፤ ፍትሐዊነቱን የሚጠራጠር ሰው ሊኖር እንደሚችል እረዳለሁ። ነገር ግን የተለመደውን ነገር ገልብጦታል። በብዙ ቦታ የጤና ትምህርት የሚቆጠረው በተሰጠው ልክ ነው፤ ስንት ቤት ተዳረሰ፣ ስንት ሰው ተሰበሰበ፣ ስንት ወረቀት ታደለ። እዚህ የተቆጠረው እናቲቱ ዘንድ የቀረው ነው።

ምርመራው ያመጣው ውጤትም አበረታች ነበር። ማንበብና መጻፍ የማይችሉት እናቶች አብዛኞቹ ነጥቦቹን ያስታውሱ ነበር፤ ፈሳሹም በአብዛኛው ከአደገኛው መጠን በታች ሆኖ ተገኘ። ትችል ይሆን ወይ የተባለችው እናት እንደምትችል ታወቀ።

የሚያውቁትን ያልሠሩበት ምክንያት

ሥራው በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እንደ ብዙዎቹ የተሳካ ፕሮጀክት ተብሎ ሪፖርት ይጻፍበት ነበር። ድርጅቱ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፤ ልጆቻቸው ከትምህርቱ በኋላ በተቅማጥ ሲታመሙ፣ ስንቶቹ እናቶች ፈሳሹን በእርግጥ ሰጡ? መልሱ አስደንጋጭ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ከአሥር አንድ እንኳ አልሞላም። እናቶቹ ያውቁታል፣ መበጥበጥም ይችላሉ፣ ነገር ግን አይሰጡትም።

በዚህ ቦታ ላይ የሚቀለው መልስ ይታወቃል፤ እናቶቹ ቸልተኞች ናቸው፣ ልማድ ይዟቸዋል፣ ትምህርቱ ይደገምላቸው የሚለው ነው። ብራክ ያደረገው ግን ወደ መንደሮቹ ተመልሶ መጠየቅና ማዳመጥ ነበር። ሲያዳምጥ ያገኘው ምክንያት አንድ አልነበረም፤ አንዱም ስንፍና አልነበረም።

የመጀመሪያው በቃሉ ውስጥ የተደበቀ ነበር። አስተማሪዎቹ ተቅማጥን የሚጠሩት ዳይሪያ ብለው ነበር። የመንደሩ ሰው ግን ይህን ቃል የሚጠቀምበት ለአንድ ዓይነት ሕመም ብቻ ነው፤ እንደ ኮሌራ እየጎረፈ በፍጥነት ለሚገድለው። ከዚያ ውጭ ሌሎች ስሞች ነበሩት። ጡት የሚጠባ ሕፃን የሚያስቀምጠው ዱድ ሃጋ ይባላል፤ መነሻውም ከእናቱ ወተት ጋር የተያያዘ ተደርጎ ይታሰባል። ያልተስማማ ምግብ ያመጣው አጂርኖ ነው። ንፍጥና ደም የተቀላቀለበት፣ ሆድ የሚቆርጠው ደግሞ አማሻ ነው። ለእናቲቱ እነዚህ አራት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ሕክምና አላቸው። ስለዚህ ስለ ዳይሪያ የተማረችውን ለዱድ ሃጋ አለመጠቀሟ ትምህርቱን በትክክል መከተሏ ነበር። አስተማሪዋም እናቲቱም አንድ ቃል እየተናገሩ ስለ ሁለት ነገር ያወሩ ነበር። ይህ ከታወቀ በኋላ ትምህርቱ በእናቶቹ ስሞች ተስተካክሎ፣ ፈሳሹ ለየትኞቹ እንደሚሰጥ በየስማቸው እየተጠሩ ይነገር ጀመር።

ይህን ክፍል ባሰብሁት ቁጥር፣ በማንኛውም ቋንቋ ባለ የጤና ምክር ውስጥ ስንት እንዲህ ያለ ቃል ተደብቆ እንዳለ እጠይቃለሁ። ባለሙያ ተቅማጥ ሲል በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የቀጠነ ሰገራ ማለቱ ነው። ጥርስ ሊያወጣ ነው፣ ብርድ መታው፣ ምግብ ጠላው የምትል እናት ግን ልጇ የታመመው ሌላ ነገር ነው ብላ ታስባለች። በራሷ አነጋገር ልጄ ተቅማጥ ይዞታል ያላለች እናት፣ የተቅማጥ ምክር ለእርሷ የተነገረ አይመስላትም። ስለዚህ መካሪ ምክሩን ከመጀመሩ በፊት፣ ልጅሽን እንዲህ ሲያደርገው ምን ትይዋለሽ ብሎ ቢጠይቅ የሚያጠፋው ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከአስተማሪዎቹ ዘንድ ተገኘ። እነርሱ ራሳቸው ወይም ልጆቻቸው ሲታመሙ ምን እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ፣ ብዙዎቹ የሚወስዱት ክኒን እንጂ የሚያስተምሩትን ፈሳሽ እንዳልሆነ ታወቀ። የሚናገሩትን ቃል በቃል ያውቁታል፤ ግን አያምኑበትም። ጨውና ጉር የተበጠበጠበት ውሃ የሞት በሽታ ያድናል ብሎ ለማመን ማየት ያስፈልጋል፤ እነርሱ ደግሞ አላዩም። ስለዚህ ወደ ዳካ፣ ወደ ተቅማጥ በሽታ ምርምር ማዕከሉ ሆስፒታል ተወስደው ፈሳሹ እንዴት እንደሚሠራ ተማሩ፣ ዝለው የመጡ ሕሙማን በፈሳሹ ሲያገግሙም አዩ። ከዚያ በኋላ በየቤቱ ሲያስተምሩ የተበጠበጠውን ፈሳሽ በእናቲቱ ፊት ራሳቸው ይጎነጩ ጀመር። የማያምን ሰው የተናገረውን ምክር ሰሚው ከድምፁ ያውቀዋል፤ እናት ደግሞ በልጇ ጉዳይ ከማንም ይልቅ ድምፅ ትለያለች።

ሦስተኛው የወንዶቹ ነገር ነው። ትምህርቱ ለእናቶች ብቻ የተሰጠ ስለነበረ አባቶች ስለ ፈሳሹ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ሚስቱ ልጁን ጨውና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ስታጠጣ የሚያይ አባት፣ ወይም ይህን ከየት አመጣሽው የምትል አማት ባለበት ቤት፣ አንዲት ወጣት እናት ለብቻዋ በታመመ ልጅ ላይ አዲስ ነገር ለመሞከር የምትደፍርበት ምክንያት ትንሽ ነው። ልጁ ቢሞት በእርሷ ይላከካል። ይህን ሲረዱ ለወንዶች የተለየ ስብሰባ ማድረግ ጀመሩ፤ በመስጊድ፣ በገበያ፣ በትምህርት ቤት። የተነገራቸውም ለእናቶቹ የተነገረው ያው ነበር። እናት የምታሳድገውን ልጅ ቤተሰብ ሁሉ እየወሰነበት፣ ምክሩን ለእናት ብቻ መንገር ኃላፊነቱን በእርሷ ላይ ጭኖ ሥልጣኑን ለሌሎች እንደ መተው መሆኑን ይህ ያሳያል።

ከእነዚህ ሌላ፣ እኔ ከሁሉ ጥልቅ ነው የምለው አራተኛ ምክንያት አለ፤ እስከ ዛሬም በየትኛውም አገር አልተፈታም። ፈሳሹ ተቅማጡን አያቆመውም። ሥራው የወጣውን ውሃና ጨው መተካት ብቻ ነው፤ ሕፃኑ እየጠጣ ማስቀመጡ ለቀናት ሊቀጥል ይችላል። እናት ግን መድኃኒት ስትል ተቅማጡን የሚያቆም ነገር ማለቷ ነው። ፈሳሹን አንድ ቀን ሰጥታ ልጁ ማስቀመጡን ካላቆመ፣ አልሠራም ብላ ተወችው ማለት ነው፤ በምትኩም ክኒን ትፈልጋለች። ውሃ የሚመስል ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም፤ አንጀትን አስረው ተቅማጥን የሚያቆሙ ክኒኖች ደግሞ ለሕፃናት አደገኛ ናቸው። ስለዚህ ለእናቲቱ አስቀድሞ መነገር ያለበት እውነት ይህ ነው፤ ይህ መጠጥ ተቅማጡን አያቆምልሽም፣ ልጅሽ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል፤ መሥራቱን የምታውቂው ሽንቱ ሲመለስ፣ አፉ ሲረጥብ፣ ዓይኑ ሲበራና ሲጫወት ነው። የሚጠበቀው ውጤት በትክክል ካልተነገረ፣ የሚሠራ መድኃኒት እንደማይሠራ ተቆጥሮ ይጣላል።

ከዚያ ወዲህ

እነዚህ ለውጦች ከተደረጉ በኋላ የፈሳሹ አጠቃቀም ከፍ አለ፤ በሁሉም ዓይነት ተቅማጥ እኩል ግን አልነበረም፤ እናቶቹ ዳይሪያ በሚሉት ላይ ከሁሉ ይበልጥ ነበር። የቤቱ ውህድ በጊዜ ሂደት ቦታውን ለታሸገው ኦአርኤስ ለቀቀ፤ ፓኬቱ ርካሽ ሆኖ እስከ መንደር ሱቅ ሲደርስ፣ ምን እንደሆነና ለምን እንደሚጠጣ የሚያውቅ ሕዝብ ይጠብቀው ነበር። ባለፉት አሥር ዓመታት ገደማ በተደረጉ አገር አቀፍ ጥናቶች፣ በባንግላዲሽ ተቅማጥ ከያዛቸው ሕፃናት ከአሥሩ ከሰባት የሚበልጡት ኦአርኤስ እንደሚሰጣቸው ታይቷል፤ ይህም በዓለም ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ ነው። የሕፃናት ሞት መቀነስ ሁሉ የዚህ ሥራ ውጤት ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። በዚያው ዘመን ክትባት ተስፋፍቷል፣ የሴቶች ትምህርት አድጓል፣ ቤተሰብ የሚወልደው ልጅ ቁጥር ቀንሷል።

ውህዱም ራሱ ተሻሽሏል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2002 ከቀድሞው ያነሰ ጨውና ግሉኮስ ያለው ኦአርኤስ እንዲሠራበት አደረጉ፤ ይህኛው የሰገራውን መጠንና ማስመለስን ስለሚቀንስ፣ በደም ሥር ፈሳሽ የሚያስፈልጋቸውን ሕፃናት ቁጥርም ዝቅ አድርጓል። በ2004 ደግሞ ሁለቱ ድርጅቶች ዚንክ የተባለው ማዕድን በክኒን መልክ ከኦአርኤስ ጋር እንዲሰጥ አብረው መከሩ።

ይህን የሚያነብ ቤተሰብ የሦስት ጣቱን ቁንጥር ከዚህ ጽሑፍ ቀድቶ እንዲሠራበት አልመክርም። ያ ልኬት ለዚያ አገር ዕቃና ለዚያ አገር ጉር የተሠራ፣ በላቦራቶሪ እየተፈተሸ የተሰጠ ነው። ፓኬት በሚገኝበት ሁሉ የሚሻለው ፓኬቱ ነው፤ በላዩ በተጻፈው የውሃ ልክ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ሙሉውን ፓኬት በአንድ ጊዜ መበጥበጥ ያስፈልጋል። ግማሹን ፓኬት ለነገ ማስቀመጥ፣ ውሃውን ቀንሶ ማወፈር፣ ስኳር መጨመር ወይም በወተትና በጭማቂ መበጥበጥ ልኩን ያበላሻል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ፓኬት ፈጽሞ ካልተገኘ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል፤ ጨውም ሆነ ስኳር ከልክ ከሚበዛ ትንሽ ቢጎድል ይሻላል። ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ጭማቂ ስኳራቸው ስለሚበዛ ምትክ አይሆኑም።

ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል፤ ሕፃኑ በማንኪያ፣ ትልቁ በጽዋ ቀስ እያለ ይጠጣል። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቆ፣ ከቀድሞው ይልቅ በዝግታ መቀጠል ነው፤ ማስመለሱ ለመተው ምክንያት አይሆንም። ጡት የሚጠባ ልጅ ከወትሮው ይበልጥ ይጥባ፤ ምግብ የጀመረ ልጅም ምግቡ አይቋረጥበት። ሕፃኑ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከዛለ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ፣ ዓይኑ ከተሰረጎደ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለበት፣ በሰዓታት ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደ ውሃ ከወጣው፣ ወይም ተቅማጡ ሁለት ሳምንት ከሞላው፣ በመንገድም እያጠጡት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ዕድሜው ከስድስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ከሆነ ምልክቶቹ እስኪታዩ አይጠበቅም፣ ቶሎ ይታይ።

ስለ ዚንክ የቀረውን ልጨምር፤ ምክንያቱም የብራክ አስተማሪዎች በ1980ዎቹ የገጠማቸው ነገር ዛሬ በሌላ መልክ እየተደገመ ያለው በዚህች ትንሽ ክኒን ላይ ነው። መጠኑን ባለሙያው ይወስናል፤ የሚሰጠው ግን ከ10 እስከ 14 ቀን ነው። ተቅማጡ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሲቆም፣ ክኒኑም በዚያው የሚቆምበት ቤት ብዙ ነው። እናቲቱ ክኒኑ ተቅማጥ ሊያቆም የተሰጠ እንደሆነ ካሰበች፣ ተቅማጡ ሲቆም መተዋ ትክክለኛ አሳብ ነው። የቀሩት ቀናት የሚያስፈልጉት፣ በተቅማጡ ከሰውነት የወጣው ዚንክ እንዲተካና በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ወራት ሕመሙ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ እንዲቀንስ መሆኑን የነገራት ሰው አለ ወይ? የቀሩትን ክኒኖች ከጓዳ አውጥታ ለምን እንዳስቀመጠቻቸው የምትነግረን እርሷ ናት፤ የሚጠይቃት ሰው ከመጣ።